የክርስቲያን ትምህርት ቤት ተመራቂዎቹ ምን እንዲሆኑለት ይመኝ?

የመወያያ ጥያቄ፦ በቤተ ክርስቲያን የሚተዳደር፣ ነገር ግን መደበኛውን ሥርዓተ ትምህርት የሚያስተምር ትምህርት ቤት ተመራቂዎቹ አማኞች ሆነው እንዲወጡ መመኘቱ ተገቢ ነውን? ወይስ ምኞቱ በዕውቀትና በመልካም ጠባይ ሊወሰን ይገባዋል?

ወላጅ፦ ልጄን እንዲህ ባለ ትምህርት ቤት ያስገባሁት ለሒሳቡና ለእንግሊዝኛው ብቻ ቢሆን ኖሮ በሰፈራችን ሌላ ትምህርት ቤት አላጣም ነበር። በክርስቶስ ስም የሚጠራ ተቋም ልጁ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ሰው ሆኖ እንዲወጣ ካልተመኘ፣ ስሙ ከበር ላይ ጽሑፍነት አያልፍም።

የሕግ ባለሙያ፦ ወንድሜ፣ ስሜትዎ ይገባኛል። ሆኖም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ መካሄድ እንዳለበት ይደነግጋል፤ አንቀጽ 27 ደግሞ አማኞች የሃይማኖት ትምህርት ተቋማትን እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል። ሁለቱን አጣምሬ ሳነብ የእምነት ትምህርት ቦታው ሰንበት ትምህርት ቤትና ቤት እንጂ የፊዚክስ ክፍል አይደለም እላለሁ።

የታሪክ መምህር፦ የአገራችን ታሪክ ለሁለታችሁም አይመችም። ከካናዳ የመጡት ኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ካህናት ማኅበር አባላት) እ.ኤ.አ. በ1945 በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሥራ ሲጀምሩ፣ በኋላም በሉሲየን ማት መሪነት በ1943 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1950) ማስተማር የጀመረውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲያቋቁሙ፣ እምነታቸውን እንዳይሰብኩ ተነግሯቸው ስለነበር የክህነት ልብሳቸውን ትተው እንደ ማንኛውም መምህር ለብሰው ያስተምሩ ነበር። ይሁን እንጂ ከኮሌጁ ያደገው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እስከ ዛሬ የያዘው መሪ ቃል፣ «ኵሉ አመክሩ ወሠናየ አጽንዑ» (ሁሉን ፈትኑ፣ መልካሙንም ያዙ)፣ ከጳውሎስ የተሰሎንቄ መልእክት የተወሰደ ነው። (በ1960ዎቹ ከዚያ ግቢ የወጡት ተማሪዎች «ኵሉ አመክሩ» የሚለውን ከቀሪው አብልጠው እንደያዙት እናውቃለን።) በምፅዋ አቅራቢያ በእምኩሉ የነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ግን ምኞቱን አልሸሸገም፤ ወደ ኦሮሞ ምድር የሚሄዱ ወንጌላውያንን ይሻ ነበር። ከባርነት ነፃ ወጥተው እዚያ የተማሩት ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ምኞቱን ፈጽመውለት የኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1894 ባወጡት የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ግን አስቴር ከሕዝቡ የሰበሰበቻቸው ተረቶችና ዘፈኖች ገብተዋል፤ ይህን ያዘዛቸው የስብከት መርሐ ግብር ያለ አይመስለኝም።

የቀድሞ ተማሪ፦ መምህር፣ ስለ ምኞት እየተከራከርን መለኪያውን ዘነጋነው። እኔ ኦርቶዶክስ ስሆን በሌላ ቤተ እምነት ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት። መምህራኑ እውነተኞች ነበሩ፤ አንዱ የፈተና ወረቀት አድሎን ከክፍል ይወጣ ነበር፤ ማንም አይኮርጅም ነበር ብል ግን ውሸት ይሆናል። ያስቀየመኝ ሌላ ነገር ነው፤ በጠዋት ጸሎት ያልተገኘ ተማሪ ካርዱ ላይ የጠባይ ውጤቱ ዝቅ ይልበት ነበር። አማኝ እንድሆን ቢመኙልኝ አይከፋኝም፤ እምነቴን በ«ኤ» እና በ«ቢ» ሲመዝኑት ግን ጸሎቱን ለውጤት ብዬ መቆም ጀመርኩ።

የሕግ ባለሙያ፦ እኅቴ፣ ተጽዕኖ የሚለውን ቃል ከእኔ ይልቅ እርስዎ አብራሩት። ምኞትን ሕግ አይከለክልም፤ ማርክ ግን አስገዳጅ ነው።

ወላጅ፦ የጸሎቱ ሰዓት ይቅር ማለትዎ ካልሆነ እስማማለሁ። የልጄን ካርድ አሁን አውጥቼ አየሁት፤ ለጠባይ «ኤ» ተሰጥቶታል፣ በምን መነሻ እንደሆነ ግን የተጻፈ ነገር የለም። በነሐሴ ለምዝገባ ስሄድ ርእሰ መምህሩን እጠይቃለሁ።