ክርክር፦ የአንጎል ጂን ምርምር ያለ ጦጣ ይሆናል?

ሚኪ (አወያይ)፦ የዛሬውን ጥያቄ ያነሳችው ሄርሜላ ናት። ጂን (ዘረመል) ወደ አንጎል ሴል ለማስገባት ተመራማሪዎች ቫይረስን እንደ መልእክተኛ ይጠቀማሉ። የቫይረሱን የራሱን ጂን ያወጡና የሚፈልጉትን ይከቱበታል። በብዛት የሚመረጠው ኤኤቪ የሚባለው ነው፤ በሰው ላይ በሽታ በማምጣት አይታወቅም። ሙከራው ታዲያ አይጥ ላይ አይቆምም፣ ጦጣ ጋ ይደርሳል። ልክ ነው ወይስ አይደለም? ሃሳብ ይተቻል፣ ሰው አይሰደብም። ቀጥሉ።

ሄርሜላ፦ ልክ አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም በ2015 ቺምፓንዚ ላይ የሚሠራ ምርምርን መደገፍ አቁሞ እንስሳቱን ጡረታ አወጣቸው። በሌላ በኩል ላቦራቶሪዎች በብዛት የሚጠቀሙበት ረጅም ጭራው ማካክ የተባለው ጦጣ በ2022 ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ ገባ። ምርምሩ ግን ቀጥሏል። ለቺምፓንዚ የራራ ልብ ለማካክ የሚጨክነው ለምንድነው? ጭራ ስላላት?

ናሆም፦ ሄርሚ፣ እኔ እዚሁ ሙያ ውስጥ ስለሆንኩ አንድ ታሪክ ልንገርሽ። አንጎል በሩ ላይ ጥብቅ ዘበኛ አለው፤ ከደም የመጣውን ሁሉ አያስገባም። በ2016 ካልቴክ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ፒኤችፒ.ቢ የተባለ የኤኤቪ ዓይነት ሠሩ። በደም ሥር ይሰጣል፣ ዘበኛውን አልፎ ይገባል። ከቀድሞው ኤኤቪ9 ቢያንስ 40 እጥፍ የተሻለ ነበር። ያኔ ጉድ ተባለ! ራስ ቅል ሳይበሳ መላውን አንጎል መድረስ ተቻለ ማለት ነዋ። ከዚያ ማርሞሴት በተባለችው ትንሽ ጦጣና ማካክ ላይ ሞከሩት። ያ ሁሉ ብልጫ የለም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ? የአይጥ ወርቅም እንደዚያው ሆነ። በ2019 ምክንያቱ ታወቀ። ቫይረሱ ሲገባ የነበረው ኤልዋይ6ኤ የተባለ ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ ነው። ፕሮቲኑ አይጥ የደም ሥር ላይ አለ። እኛና ጦጣ ግን የለንም። ጦጣ ላይ ባይሞከር ኖሮ ማን ላይ ነበር የምናውቀው?

ሄርሜላ፦ ቆይ፣ በራስህ ታሪክ ልያዝህ። ያ ቫይረስ የሠራው በጥቁሩ የላቦራቶሪ አይጥ ላይ ነው። ባልብ ሲ በሚባለው ነጭ አይጥ ላይ እንኳ አልሠራም። ደወሉ እዚያው አይጦቹ ጋ ነበር። ኤልዋይ6ኤንም ያገኙት የአይጥ ዘሮችን ጂን እያወዳደሩ ነው። ጦጣዋ «አልሠራም» ብላ ሞተች። ለምን እንዳልሠራ የተናገሩት አይጦቹ ናቸው።

ናሆም፦ ይሄ ጥሩ ነጥብ ነው። አልክድም።

ጋሽ ተፈራ፦ ልጆች፣ እናንተ ስለ መግባቱ ታወራላችሁ። እኔ ስለ መዘዙ ልጠይቅ። በ1999 ጄሲ ጌልሲንገር የሚባል የ18 ዓመት ልጅ በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ የጂን ሕክምና ሙከራ ውስጥ ገባ። ችግሩ የጉበት ነበር፣ የአንጎል አይደለም። ቫይረሱም ሌላ ዓይነት ነው። በተሰጠው በአራተኛው ቀን ሞተ። ከእሱ በፊት ተቀራራቢ ቫይረስ በከፍተኛ መጠን ከተሰጣቸው ጦጣዎች መካከል የሞቱ ነበሩ። ልጁ የፈረመው ወረቀት ላይ ግን ይህ አልተጻፈም። በ2018 ደግሞ ልጁ ሲሞት የዩኒቨርሲቲውን የጂን ሕክምና ተቋም ይመራ የነበረው ጄምስ ዊልሰን ራሱ ብዙ ኤኤቪ የተሰጣቸው ጦጣዎችና የአሳማ ግልገሎች ክፉኛ መጎዳታቸውን ጽፎ አስጠነቀቀ። ስለዚህ ጦጣዋ ትናገራለች። ያልሰማው ሰው ነው።

ሄርሜላ፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ይሄ የእኔን ወገን የሚያግዝ መሰለኝ። የማይሰማ ካለ ለምን ትሙት?

ጋሽ ተፈራ፦ እንዲሰማ ማስገደድ ነዋ!

ዳዊት፦ ዞልጀንስማ የሚባለው የሕፃናት ጂን ሕክምና በ2019 ሲፈቀድ ዋጋው 2.125 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ጦጣዋም ሞተች፣ የደሃ ልጅም አላገኘው። ስለ ምን እየተከራከርን ነው?

ሚኪ፦ ዳዊት፣ ልክ ነህ፣ ግን እሱ ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ለሌላ ቀን።

ሳባ፦ እኔ የማይንቀሳቀሱ ሕፃናት ጋ ስለምሠራ ገለልተኛ ነኝ ማለት አልችልም። ኤኤዲሲ የሚባል ኢንዛይም የሚጎድላቸው ልጆች አሉ። አንጎል እንቅስቃሴን ለማዘዝ የሚጠቀምበትን ዶፓሚን የተባለ ኬሚካል መሥራት አይችሉም። አንገታቸውን ቀና ማድረግ እንኳ ያቅታቸዋል። ታይዋን ውስጥ ከ2010 ጀምሮ ጂኑን በቀዶ ሕክምና አንጎላቸው ውስጥ ማስገባት ተጀመረ። ቁጭ ማለት የቻሉ አሉ፤ የተራመዱም አሉ። አውሮፓ በ2022፣ አሜሪካ በ2024 ፈቀዱት። አሁን የሚከብደኝን ልናገር። ይኸው ጂን ከዚያ በፊት ዶፓሚን እያነሰ ለሚመጣው የመንቀጥቀጥ በሽታ፣ ለፓርኪንሰን ተብሎ ጦጣ ላይ ተሞክሯል። ጦጣ በተፈጥሮዋ እንዲህ ያለ ፓርኪንሰን ስለማይዛት ጤነኛዎቹን በመርዝ አሳመሟቸው። ሕፃኑን ሳይ ደስ ይለኛል። ይሄን ሳስብ ግን ዝም እላለሁ።

ሄርሜላ፦ ሳቢ፣ ስለ ሐቀኝነትሽ አመሰግናለሁ። ግን አንቺ የምታወሪው ስለ ሕክምና ነው። አብዛኛው ሥራ ግን አንጎል እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ብቻ ነው። ለጉጉት ጦጣ ትሙት?

ናሆም፦ ጉጉትን አትናቂ። በ2005 ብርሃን የሚቀበል የአልጌ ፕሮቲን ጂን ኒውሮን (የነርቭ ሴል) ውስጥ አስገብተው ሴሉን በብርሃን አዘዙት። ያኔ የላቦራቶሪ ጨዋታ ይመስል ነበር። በ2021 ለዓመታት ዓይነ ስውር የነበረ ሰው በዚሁ ዘዴ፣ በልዩ መነጽር እየታገዘ፣ ጠረጴዛ ላይ ያለ ዕቃ ለይቶ ነካ። ጂኑ የገባው ሬቲናው፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን ውስጥ ነው። ሬቲናም የአንጎል ቅጥያ ነው።

ሄርሜላ፦ እሺ፣ የ2024ቱንስ ለምን ትዘለዋለህ? ትራንስፈሪን ተቀባይ የተባለውን፣ የሰው አንጎል የደም ሥር ላይ ያለ ፕሮቲን የሚይዝ ኤኤቪ ሠሩ። የሞከሩት የሰው ተቀባይ ጂን በተሰጣቸው አይጦች ላይ ነው። ለሰው በር የተቀረጸ ቁልፍ፣ የሰው በር በተገጠመለት አይጥ። ጦጣ ምን ታደርጋለች?

ናሆም፦ ያ አይጥ በሩ መከፈቱን ያሳያል። ከገባ በኋላ ጉበቱና የሰውነት መከላከያው ምን እንደሚሆኑ በበቂ አያሳይም። ጋሼ ያሉት ጉዳት አይጥ ላይ አስቀድሞ አልተገመተም። እኔ የምስማማው በቅደም ተከተሉ ነው። በሴልና እንዲህ ባለ አይጥ ያላለፈ ነገር ጦጣ ጋ አይድረስ። የከሸፈውም ይታተም፣ ሌላው ላቦራቶሪ ያንኑ ክሽፈት በሌላ ጦጣ እንዳይደግመው።

ሄርሜላ፦ ይሄን ከመጀመሪያው ብትል ግማሹን ክርክር እናተርፍ ነበር። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ቅር ካለህ ተወው። አንተ የምትሠራበት ቦታ ስንት ጦጣ አለ?

ናሆም፦ እኛ ጋ አይጥ ብቻ ነው። ጦጣ ያለው ሌላ ሕንፃ ነው። አንድ ቀን ሄጄ አይቻለሁ። ሁለተኛ አልሄድኩም።