ለባለጠጋ እየሸጡ ሶሻሊስት መሆን? ክርክር በዊሊያም ሞሪስ ላይ

አወያይ፦ እንደምን አመሻችሁ። የዛሬው ርዕሳችን ዊሊያም ሞሪስ ነው። እንግሊዛዊ ገጣሚ፣ የግድግዳ ወረቀትና የጨርቅ ንድፍ ሠሪ። ከ1834 እስከ 1896 ኖረ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። በ1883 ሶሻሊስት ሆነና አደባባይ ወጥቶ ይሰብክ ጀመር። ዕቃውን የሚገዙት ግን ባለጠጎች ነበሩ። ሰውዬው አስመሳይ ነው ወይስ አይደለም? ስድብ የለም።

ሄኖክ፦ ነው እንጂ! አባቱ ዴቨን በሚባል የእንግሊዝ አውራጃ ውስጥ ባለ የመዳብ ማዕድን አክሲዮን ነበራቸው። ልጅየው በዚያ ሀብት አድጎ ኦክስፎርድ ተማረ፣ በ1861 ከጓደኞቹ ጋር ድርጅት ከፈተ፣ በ1871 የማዕድኑ ዲሬክተር ሆነ። ማዕድኑ አርሰኒክም ያመርት ነበር። መርዙን! በቀድሞ የግድግዳ ወረቀቱ አረንጓዴ ቀለም ውስጥም አርሰኒክ መኖሩ በ2003 በምርመራ ታይቷል። እሱ ነው እንግዲህ ስለ ሠራተኛ የሚያስተምረን?

ቤዛ ዘለንደን፦ ሄኖኬ፣ ጊዜውን አታምታታ። ዲሬክተርነቱን የተወው በ1875 ነው፤ ሶሻሊስት ከመሆኑ ስምንት ዓመት በፊት። ሲለቅ ለዲሬክተሮች ስብሰባ ያደርገው የነበረው ባርኔጣ ላይ ቁጭ ብሎ ጨፈለቀው ይባላል። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። በ1885፣ ስለ ጭቁኖች ሲጮህ በነበረበት ዓመት፣ ለአንድ የማቅለሚያ ባለሙያ በጻፈው ደብዳቤ አርሰኒክን በሚፈሩ ሐኪሞች ላይ አላገጠ። እዚህ ላይ አልከላከልለትም።

ጋሽ ተሾመ፦ ልጆች፣ ሂሳቡን እንየው። ራሱ አስልቶታል። በ1884 ለቅርብ ወዳጁ ለጆርጂያና በርን-ጆንስ ጽፎላታል። ገቢው በዓመት 1,800 ፓውንድ ገደማ ነው። በሳምንት 4 ፓውንድ እየኖረ የተረፈውን ለመቶ ሠራተኞቹ ቢያካፍል ለእያንዳንዱ በዓመት 16 ፓውንድ ይደርሳል። ደስ ይላቸዋል፤ ነገር ግን ነገም ያው ሠራተኞች ናቸው አለ። ስለዚህ መለወጥ ያለበት ሥርዓቱ ነው፣ የአንድ ጌታ ደግነት ምንም አያመጣም ባይ ነው።

ሄኖክ፦ ጋሼ፣ መጀመሪያ 16 ፓውንዱን ይስጠውና ሠራተኛው ራሱ «አይለውጠኝም» ይበል! እሱ ምን አገባውና ይወስንለታል?

ጋሽ ተሾመ፦ ይቺን ተቀብያለሁ። ዋና ዋናዎቹ ሠራተኞች ግን ከትርፉ ድርሻ ነበራቸው።

የሸማኔ ልጅ፦ እኔ ሽሮ ሜዳ ነው ያደግሁት። ሞሪስ ሥራ ደስታ መሆን አለበት ሲል ሳነብ ሳቄ መጣ። አባቴ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ ቀኑን ሙሉ ይሸምናል። ማታ ወገቡን እኛ ነን የምናሽለት። ደስታው የቱ ጋ ነው?

ቤዛ ዘለንደን፦ ወንድሜ፣ ሞሪስም ይህን አላጣውም። በ1890 በጻፈው የወደፊት ዓለም ልብወለድ ውስጥ አሰልቺው ሥራ በሙሉ ለማሽን ተትቷል። በእጅ የሚሠራው ደስ የሚለው ብቻ ነው። ማሽን ጠላ የሚሉት በደንብ ሳያነቡት ነው። ደግሞ ራሱም ሸምኗል። በ1879 መኝታ ቤቱ ውስጥ መሸመኛ ተክሎ፣ ጎሕ ሲቀድ እየተነሳ፣ አንድ የግድግዳ ምንጣፍ ላይ ከ516 ሰዓት በላይ ሠራ። ሰዓቱን እየመዘገበ!

የሸማኔ ልጅ፦ ሲሰለቸው መተው ይችላል። አባቴ ቢተው ራት የለም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ እህቴ አትቆጪኝ።

ቤዛ ዘለንደን፦ አልቆጣም። ልክ ነህ።

ሄኖክ፦ እኔ ልጨምር። በ1885 ፖሊስ መትተሃል ተብሎ ለንደን ፍርድ ቤት ቀረበ። ዳኛው ማን ነህ አሉት። «አርቲስትና ጸሐፊ ነኝ፤ በመላው አውሮፓ በደንብ የምታወቅ ይመስለኛል» አለ። ለቀቁት። በዓመቱ ጎዳና ላይ በመናገሩ አንድ ሺሊንግ (የፓውንድ አንድ ሃያኛ) ተቀጣ። አብረውት የተከሰሱት ሁለት ሠራተኞች ግን 20፣ 20 ፓውንድ። ካልከፈሉ ደግሞ ሁለት ሁለት ወር እስር ተፈረደባቸው።

ጋሽ ተሾመ፦ ታዲያ ጥፋቱ የዳኛው ነው። ሰውዬው ሲጮህ የኖረው ስለዚሁ አይደል?

የሸማኔ ልጅ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በሳምንት 4 ፓውንድ ኖሮ ያውቃል?

ጋሽ ተሾመ፦ አልኖረም።