«ዌቭ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሰላምታ ነው፣ ስንብት ነው ወይስ ጥሪ?

ሐረግ፦
ሰላም ለሁላችሁ። «ዌቭ» የሚለውን ግስ መዝገበ ቃላቱ «አውለበለበ» ብሎ ይፈታዋል። ስለ ባንዲራ ሲሆን ግልጽ ነው። ስለ እጅ ሲሆን ግን አንዱ ጽሑፍ ላይ ሰላምታ፣ ሌላው ላይ ስንብት፣ ሌላው ላይ «ና» ማለት፣ ደግሞ ሌላ ቦታ «ተወው» ማለት ሆኖ አገኘዋለሁ። ከኋላው የሚከተለው «ቱ» ነው ወይስ «አት»? ጭራሽ ሁለቱም የሌሉበት ዓረፍተ ነገርም አለ። ከ«ቤከን» ጋር ያለውንም ልዩነት የምታውቁ ብታስረዱኝ።

ሰዋስው ወዳድ፦
ሐረግ፣ ግሱ በራሱ የሚናገረው እጅ መወዛወዙን ብቻ ነው። ሰላምታም ይሁን ማባረር የሚለየው ከኋላው በሚመጣው ትንሽ ቃል ነውና ለብቻው አታጥኚው።

ሰላምታ ከሆነ «ቱ» ወይም «አት» ይገባል፤ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ በሌላው ቦታ ቢገባ ስሕተት አይባልም። ቢሆንም «ቱ» ወደ ሰላምታው ያደላል። «አት» ደግሞ እጁ ወደዚያ ሰው መዞሩን ያሳያል፤ ትኩረቱን ለመሳብ ስንወዘውዝ የሚስማማው እሱ ነው። ለምሳሌ መስማት የተሳነውን ሰው ለመጥራት በሚያይበት አቅጣጫ እጅ ማወዛወዝ የተለመደና ነውር የሌለው ነገር ነው፤ እዚህ ላይ «ዌቭ አት» ልኩ ነው።

የእኛ ሰው ደጋግሞ የሚስተው «ሺ ዌቭድ ሚ» እያለ ነው። አማርኛው «እጇን አውለበለበችልኝ» ሲል «ልኝ»ን ግሱ ውስጥ ስለሚሸሽገው በእንግሊዝኛው «ቱ»ን እንረሳታለን። ያለ «ቱ» ግን እኔን ራሴን እንደ ባንዲራ አንስታ አወዛወዘችኝ የሚል ይመስላል። «ሺ ዌቭድ ቱ ሚ» በዪ።

አሁን «ቱ»ም «አት»ም ወደሌለበት እንምጣ፤ ቁልፉ ያለው እዚህ ነው። በእጁ ምልክት ምክንያት ሰውየው ከቦታው የሚንቀሳቀስ ከሆነ ሰውየው በቀጥታ ተሳቢ ይሆንና የሚሄድበት አቅጣጫ ይከተላል። «ሂ ዌቭድ ሚ ኦቨር» በእጁ ጠርቶ አስጠጋኝ። «ዌቭድ ሚ ስሩ» በእጁ አሳለፈኝ፤ ፍተሻ ላይ ያለ ዘበኛ መኪናውን ሳይፈትሽ «እለፍ» ሲል የሚነገረው ይህ ነው። «ዌቭድ ሚ አዌይ» በእጁ አባረረኝ። «ዌቭድ ዳውን ኤ ታክሲ» ደግሞ እጁን አውጥቶ ታክሲ አስቆመ። ወደ አማርኛ ስትመልሺ «አውለበለበ»ን ተዪው፤ «በእጁ» ብለሽ ዋናውን ግስ አምጪ። ከዚህ ሥርዓት ወጣ የሚለው «ዌቭ ሂም ጉድባይ» ነው፤ ስንብት ሆኖ ሳለ «ቱ» የለውም፣ እንዲሁ ያዢው።

«ዌቭ አሳይድ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚገፋው ሰው ሳይሆን ሐሳብ ነው። አለቃው ቅሬታዋን «ዌቭድ አሳይድ» ካለ ከቁብ አልቆጠረውም ማለት ነው፤ እጁ ጭራሽ ላይነሣም ይችላል።

ዘንባባ፦
ስለ «ቤከን» ልጨምር። ትርጉሙ «ጠቀሰ»፣ በእጅ ወይም በጭንቅላት «ና» አለ ነው። የጽሑፍ ቃል ስለሆነ በንግግር «ዌቭ ኦቨር» ይቀላል።

ከቃሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ እጁ ራሱ ነው። እኛ ትልቅ ሰው ስንጠራ መዳፋችንን ወደ መሬት አድርገን አራቱን ጣት ወደራሳችን እንሰበስባለን። አሜሪካዊ መዳፉን ወደ ላይ ወይም ወደ ፊቱ አዙሮ ነው የሚጠራው። የእኛን «ና» ከሩቅ ሲያየው ጣት ከፈት ዘጋ እያደረገ «ባይ ባይ» ከሚል ሕፃን እጅ ጋር ይመሳሰልበታል። ስለዚህ የተጠራው ሰው መልሶ እጁን አውለብልቦ መንገዱን ይቀጥላል፤ ጠሪው ደግሞ የተናቀ ይመስለዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ መዳፉን ወደራስ ማዞርና ክንድን ከክርኑ ጀምሮ ወደ ደረት መሳብ። በአንዲት ጣት መጥራት ግን ለእነሱም ለአዋቂ ሰው ንቀት ነው፤ ለእኛማ ይታወቃል።

ምልክቱን በትክክል መሰየም ካልቻልሽ «ጀስቸር» የሚለው አጠቃላይ ቃል አያሳፍርም። «ሂ ጀስቸርድ ቶዋርድ ዘ ዶር» ማለት በእጁ ወደ በሩ አመለከተ ነው። «ፖይንት» ካልሽ ግን አንባቢው የተቀሰረ ጣት ነው የሚታየው።

የመንገድ ሰው፦
አሜሪካ ለምትነዱ፣ «ዌቭ ስሩ» የሚለውን ስትሰሙ ተጠንቀቁ። ሌላ ሾፌር በእጁ «እለፊ» ሲልሽ የሰጠሽ የራሱን ተራ ብቻ ነው፤ ከጎኑ ባለው መስመር ስለሚመጣው መኪና ዋስ አይሆንሽም። ግጭቱ የሚደርሰውም አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው፦ ሁለት መስመር አቋርጠሽ ወደ ግራ ልትታጠፊ ስትይ የቅርቡ መስመር መኪና ቆሞ ያሳልፍሻል፤ የሩቁ መስመር መኪና በቆመው ተከልሎ ሳይታይሽ ይደርሳል። የቆመውን ተሻግረሽ የመኪናሽን አፍንጫ ብቻ አውጪና ቆመሽ እዪ። የመታጠፍ ጥፋቱ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ካንቺ ነው፤ በአንዳንድ ግዛቶች እጁን ያወዛወዘውም አብሮ ሊከሰስ ይችላል። የትራፊክ ፖሊስ እጅ ግን ሌላ ነው፤ መብራቱ ቀይ ቢሆንም እሱ እለፊ ካለሽ ታልፊያለሽ።

በነገራችን ላይ በመንጃ ፈቃድ ጥያቄ ላይ የሚመጣው «ሃንድ ሲግናል» ነው፣ «ዌቭ» አይባልም። የግራ ክንድ በመስኮት ቀጥ ብሎ ሲወጣ ወደ ግራ፣ ከክርን ወደ ላይ ሲታጠፍ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች ሲታጠፍ መቆም ወይም ፍጥነት መቀነስ። ክንዱ አይወዛወዝም፤ ከተወዛወዘ ከኋላ ያለው «እለፈኝ» የተባለ ሊመስለው ይችላል።

ሐረግ፦
በጣም አመሰግናለሁ። የኢሚግሬሽን ቅጽ ላይ ያለው «ፊ ዌቨር»ስ ከዚሁ ቃል ነው? «ቲቸር ዌቭድ ቱ ሚ ኦቨር» ብዬ ብጽፍስ ልክ ነው?

ሰዋስው ወዳድ፦
አይደለም። አይ-912 በሚባለው፣ ክፍያ እንዲቀር በሚጠየቅበት ቅጽ ላይ ያለው ቃል ድምፁ አንድ ቢሆንም ሌላ ነው፤ ከ«ኤ» ቀጥሎ «አይ» የምትባለው ፊደል ትጨመርበታለች። መብትን ወይም ክፍያን መተው ማለት ስለሆነ ክፍያ እንዲቀርልሽ ስትጠይቂ ያችን ፊደል እንዳትዘነጊ፤ ድምፁ አንድ ስለሆነ ጆሮሽ አይረዳሽም።

ዓረፍተ ነገርሽ ላይ «ቱ»ን አውጪ። መምህሩ ጠርቶ አስጠግቶሻል፤ ተንቀሳቅሰሻል። «ዘ ቲቸር ዌቭድ ሚ ኦቨር»። ከ«ቲቸር» በፊትም «ዘ» ያስፈልጋል።