ለጂ+4 ሕንፃ የትኛው እሳት ማጥፊያ የት ይሰቀል? የቆዩትስ ይሞሉ ወይስ ይጣሉ?

የሕንፃ አስተዳዳሪ፦

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ላለ ጂ+4 ሕንፃ እሳት ማጥፊያ ልንገዛ ነው። ቤዝመንቱ መኪና ማቆሚያ ሲሆን ጥጉ ላይ 3 በ3 ሜትር የሆነች የናፍጣ ጄኔሬተር ክፍል አለች፤ ከፍታዋም 3 ሜትር ነው። ምድር ላይ ምግብ ቤት አለ፦ ሁለት የቺፕስ መጥበሻ፣ አራት የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ የጋዝ ሲሊንደሮችም አሉት። ከላይ ያሉት አራት ወለሎች ቢሮ ናቸው፤ ኮሪደራቸው 40 ሜትር ያህል ይረዝማል። ሦስተኛው ላይ ሰርቨር ክፍል አለ። ሻጩ «ኤቢሲ ዱቄት ለሁሉም ይሆናል፣ ባለ 6 ኪሎውን 20 ፍሬ ውሰድ» ይላል። ልክ ነው?

ሌላው፣ 8 የቆዩ ዱቄቶች አሉን። የግፊት መለኪያቸው (ጌጃቸው) አረንጓዴ ላይ ነው፤ ካርዳቸው ላይ ግን ከአራት ዓመት ወዲህ የተጻፈ ነገር የለም። ምን ይደረጉ?

ቀይ ሲሊንደር፦

ሻጩ የነገረዎት ለኮሪደሮቹ ይሠራል፤ ለማብሰያ ቤቱ ግን አደገኛ ምክር ነው።

መጀመሪያ ፊደሎቹን እንለይ። ኤ እንጨት፣ ወረቀትና ጨርቅ ነው። ቢ ነዳጅና ቀለም የመሰለ ፈሳሽ ነው። ሲ ግን በአውሮፓ ምደባ ጋዝ፣ በአሜሪካ ምደባ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያለበት ዕቃ ማለት ነው። ገበያችን ውስጥ ሁለቱም ስለሚገኙ ከፊደሉ ይልቅ ሲሊንደሩ ላይ ያለውን ሥዕል ይመልከቱ። የምግብ ዘይት ለብቻው ነው፤ አውሮፓዎቹ ኤፍ፣ አሜሪካኖቹ ኬ ይሉታል። «ኤቢሲ» ከሚለው ውስጥ እሱ የለም።

ለምን ተለየ ቢሉ፣ መጥበሻ ውስጥ የተቀጣጠለ ዘይት ያለ ክብሪት በራሱ የሚነድበት ሙቀት ላይ ደርሷል። ዱቄቱ ነበልባሉን ይጥለዋል፣ ዘይቱን ግን አያቀዘቅዘውም። ደመናው ሲገለጥ እንደገና ቦግ ይላል። ሲኦቱ (የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ማጥፊያ) ግፊቱ ኃይለኛ ስለሆነ የሚነደውን ዘይት ከመጥበሻው ያስፈነጥረዋል። ውኃማ ከዘይቱ ሥር ገብቶ በአንዴ እንፋሎት ሲሆን እሳቱን እስከ ጣሪያ ያነሣዋል። ለዚህ የተሠራው ዌት ኬሚካል ነው፤ በውኃ የሟሟ የፖታሲየም ጨው ሲሆን የጋለውን ዘይት ላዩን ወደ ሳሙና ለውጦ ይከድነዋል፣ ያቀዘቅዘዋልም። አንድ ባለ 6 ሊትር ይግዙ፤ ከመጥበሻዎቹ ከ9 ሜትር ሳይርቅ በመውጫው በር በኩል ይሰቀል። ምድጃው ጀርባ ከተሰቀለ እሳት ሲነሣ የሚደርስበት የለም።

ዌት ኬሚካል እስኪገኝ ድረስ መጥበሻውን በደንብ የሚገጥም የብረት ክዳንና የእሳት ብርድ ልብስ ይዘጋጅ። ኃይሉን አጥፍቶ መክደን፣ ከዚያ ቢያንስ 30 ደቂቃ አለመግለጥ ነው። «ጠፋ እንዴ?» ብሎ ገልጦ ማየት ዘይቱን መልሶ ያቀጣጥለዋል።

ምጣዶቹ ሲቃጠሉ መጀመሪያ ብሬከሩ ይውረድ፤ ለእነሱ ባለ 2 ኪሎ ሲኦቱ ይበቃል። የጋዝ ሲሊንደር ላይ ያለ እሳት ደግሞ የሚጠፋው ቫልቩን በመዝጋት ነው። ቫልቩ ክፍት ሆኖ ነበልባሉን ካጠፉት ጋዙ ይጠራቀምና ሌላ ብልጭታ ያገኛል። የማብሰያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ እናንተ ጋ ደግሞ ከሥር ቤዝመንት ስላለ በደረጃውና በፍሳሽ ቱቦው ወደዚያው ይወርዳል። ሲሊንደሮቹ በተቻለ ውጭ ይቀመጡ።

ለኮሪደሩ የአሜሪካው ደረጃ ማንም ሰው ለኤ ክፍል ማጥፊያ ከ23 ሜትር በላይ እንዳይሄድ ይላል። በስሌት መሃል ላይ አንድ ይበቃል፤ እኔ ግን በሁለቱም ጫፍ፣ ደረጃው በር አጠገብ አንድ አንድ እላለሁ። ሰው ማጥፊያውን ሲያነሣ ጀርባው ወደ መውጫው መሆን አለበት። በአራት ወለል 8 ባለ 6 ኪሎ ማለት ነው። እጀታው ከወለሉ ከ1.5 ሜትር አይብለጥ፤ ወለሉ ላይም አይቀመጥ፣ ቢያንስ 10 ሳንቲ ከፍ ይበል።

ባለ ሚዛን፦

የጄኔሬተሩንና የሰርቨሩን ልጨምር።

ጄኔሬተር ክፍሏ ናፍጣ ስላለባት ባለ 6 ወይም ባለ 9 ኪሎ ዱቄት ትፈልጋለች፤ የሚሰቀለው ግን ውጭ፣ በሩ አጠገብ ነው። ውስጥ ከሆነ እሳቱን አልፎ ማን ያነሣዋል? «ሲኦቱ ንጹሕ ነው» ብሎ ባለ 5 ኪሎ ውስጥ ለማስገባት የሚያስብ ካለ ሒሳቡን ይሥራ። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ 1 ኪሎ ሲኦቱ ሲለቀቅ 0.7 ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል። 5 ኪሎው 3.5 ሜትር ኩብ ነው። ክፍሏ 27 ሜትር ኩብ ናት፤ ስለዚህ ከአየሯ 13 በመቶ ያህሉ ሲኦቱ ይሆናል። ከ10 በመቶ በላይ ሲኦቱ ያለበት አየር በደቂቃዎች ውስጥ ሰው ያስታል። ስለዚህ በጠባብ ክፍል ሲኦቱ የሚረጨው በር ላይ ተቁሞ ነው፤ ከዚያ በሩን ዘግቶ መውጣት፣ ሳይናፈስም አለመግባት።

ሰርቨር ክፍሉ ላይ ግን ሲኦቱ ይሻላል። የኤቢሲ ዱቄት ዋና ንጥረ ነገሩ የአሞኒየም ፎስፌት ነው፤ እርጥበት ይስብና ሰርኪቱን ይበላዋል። አንድ ቅርጫት ወረቀት ለማጥፋት የተረጨ ዱቄት ሙሉ መደርደሪያ ሰርቨር ሊያበላሽ ይችላል። ዋናው የኤሌክትሪክ ፓናል አጠገብም አንድ ሲኦቱ ይኑር። የሲኦቱን ጥቁር ቀንድ (ጋዙ የሚወጣበትን ሰፊ አፍ) በእጅ አትያዙ፤ የሚወጣው ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ስለሚደርስ ቆዳ ያጣብቃል።

ናይትሮጅን፦

ወደ አሮጌዎቹ ልምጣ። ጌጁ አረንጓዴ ላይ መሆኑ ግፊት እንዳለ ብቻ ነው የሚናገረው። ዱቄቱ ከሥር ድንጋይ ሆኖ ተጋግሮ ከሆነ እጀታው ሲጫን ዱቄቱን የሚገፋው ናይትሮጅን ጋዝ ብቻ ፉት ብሎ ይወጣል።

ዛሬውኑ ማየት የሚቻለውን ልንገርዎት። ሲሊንደሩን ገልብጠው ጆሮዎን አስጠግተው ያዳምጡ። ጤነኛ ዱቄት እንደ ጤፍ ዱቄት እየተንሸራተተ ሲወርድ ይሰማል። ምንም ካልተሰማ ወይም እንደ ጓል ዱብ ካለ ተጋግሯል። ቀጥሎ ቂጡን ይዩት። ወለል ላይ የተቀመጠ ሲሊንደር የመወልወያ ውኃ እየነካው ቀለሙ ያብጣል፤ እብጠቱን በጥፍርዎ ሲነኩት ተሰብሮ ዝገት ከወጣ፣ ወይም ሲሊንደሩ የተቀጠቀጠና የተበየደ ከሆነ አይሞላም፤ ይወገዳል። የተመረተበት ዓመት ሲሊንደሩ ላይ አለ። በአሜሪካው ደረጃ ግፊት ያለበት ዱቄት በ6 ዓመት ተከፍቶ ውስጡ ይታያል፣ በ12 ዓመት ሲሊንደሩ በውኃ ግፊት ይፈተናል። ሲኦቱና ዌት ኬሚካል በ5 ዓመት ነው የሚፈተኑት።

ሲኦቱ ጌጅ የለውም፤ በሚዛን ነው የሚታወቀው። ጠቅላላ ክብደቱ ቫልቩ ላይ ወይም ሲሊንደሩ አንገት ላይ ተመትቷል። ባለ 5 ኪሎው ግማሽ ኪሎ ከቀነሰ ይሞላ።

ትልቁ ችግር ሳይከፈት ካርዱ ብቻ ተቀይሮ የሚመለሰው ነው። ከመላክዎ በፊት ከቫልቩ እስከ ሲሊንደሩ አንገት በማይለቅ ማርከር አንድ ቀጭን መስመር ይሥሩ። ቫልቩ ተፈትቶ ሲታሰር መስመሩ በትክክል አይገጥምም። ሲመለስ ልክ እንደነበረ ከሆነ አልተከፈተም። ክብደቱንም ሲሄድና ሲመጣ ይመዝግቡ።

ሲያስሞሉ ሦስት ነገር ይጠይቁ። ግፊቱ ደረቅ ናይትሮጅን ይሁን፤ የጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር አየር እርጥበት ስላለው ዱቄቱን ያጋግረዋል። የቫልቩ ጎማ ቀለበት ይቀየር። ዱቄቱ ዓይነቱ አይደባለቅ፤ የቢሲ ዱቄት ባይካርቦኔት ስለሆነ ከኤቢሲው ጋር ሲገናኝ ተዋሕዶ ጋዝና ውኃ ይፈጥራል፣ ይጋገራል።

አንድ ነገር አደራ፦ «ይሠራ እንደሆነ ልየው» ብሎ ትንሽ መጫን አይገባም። ጥቂት ዱቄት ቫልቩ መቀመጫ ላይ ይቀርና ግፊቱ በቀናት ውስጥ ሾልኮ ያልቃል። አንዴ የተነካ ሁሉ ይሞላል።

በየወሩ የሚታየው ቀላል ነው፦ በቦታው መኖሩ፣ ፒኑና ማኅተሙ፣ ጌጁ፣ የሆዙ አፍ። አፉን ሸረሪትና ነፍሳት ይደፍኑታል፣ በባትሪ አብርታችሁ እዩት።

የሕንፃ አስተዳዳሪ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ገልብጬ አዳመጥኳቸው፤ ከስምንቱ ሦስቱ ዝም ናቸው። አንድ የቀረኝ፦ ሁለት ተከራዮች ቤዝመንት ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ያደርጋሉ። ለእሱ የትኛው ይገዛ?

ቀይ ሲሊንደር፦

ለባትሪው የሚሆን በእጅ የሚያዝ ማጥፊያ አይፈልጉ። በፈረንጆቹ ከ2024 ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ይህ ጥያቄ የብዙ ሕንፃ ሆኗል። የሊቲየም ባትሪ እሳት ሙቀቱ ከውስጥ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ የሚተላለፍ ስለሆነ ዱቄትም ሲኦቱም አይደርስበትም፤ ብዙ ውኃ ለረጅም ሰዓት ይፈልጋል። ጭሱም መርዛማ ነው። ገመዱ ወይም ሶኬቱ ብቻ ከተቃጠለ ብሬከሩን አውርዶ ዱቄት ወይም ሲኦቱ መርጨት ይቻላል። ከመኪናው ሥር ጭስ ከወጣና የመፍላት ድምፅ ከተሰማ ግን ሰው ይውጣ፣ 939 ይደወል።

ቻርጅ ማድረጊያውን ከቤዝመንቱ ውስጠኛ ጥግ አንሥተው ወደ መኪና መግቢያው ያስጠጉት፣ የእሳት አደጋ መኪና ሆዝ እንዲደርስ። ብሬከሩንም ለብቻው አድርገው ጥበቃው ቤት አጠገብ ያስገጥሙት፤ ላዩ ላይ «የመኪና ቻርጅ» ተብሎ በትልቁ ይጻፍበት። የሌሊት ጥበቃው በጨለማም ቢሆን በእጁ ዳብሶ እንዲያገኘው አንዴ ወስደው ያሳዩት።