የፈረስ ልደት በግቢያችን፦ እውነተኛ ፈረስ ይምጣ ወይስ ይቅር?

የኤልዳና እናት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም፣ ከጅማ ነው የምጽፈው። የመጀመሪያ ልጄ ሰኔ መጨረሻ ላይ አምስት ዓመት ይሞላታል። ፈረስ ሲባል ነፍሷ ነው። ከመዋዕለ ሕፃናት ስንመለስ ጋሪ ባለፈ ቁጥር ቆመን ካላየነው አንንቀሳቀስም። ዘንድሮ «ልደቴ የፈረስ ይሁን» ብላ ወስናለች፤ በኬኩም በጌጡም በጨዋታውም ፈረስ እንዲኖር ትፈልጋለች።

የሚመጡት ልጆች አሥራ ሁለት ያህል ናቸው። ትንሹ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ትልቋ ስድስት። የምንኖረው በኪራይ ቤት ነው፤ ግቢው ከአከራያችን ጋር የጋራ ሲሆን ልጆች ሊሮጡበት ይችላሉ እንጂ ሰፊ የሚባል አይደለም። ሰፋ ያለ በረንዳ አለን። ለሁሉም ነገር ማውጣት የምችለው 8,000 ብር ነው። የፈረስ ቅርጽ ያለው ኬክ የጠየቅሁበት ቤት የነገረኝ ዋጋ ብቻውን የዚህን ግማሽ ይወስዳል።

እንግዲህ፣ ልጆቹን በምን ላጫውታቸው? ኬኩንስ ቤት ውስጥ እንዴት ልሥራው? ከልጆቹ ጋር የሚመጡት እናቶች ገሚሶቹ ጿሚዎች፣ ገሚሶቹ ሙስሊሞች ናቸውና ምን ባቀርብ ሁሉንም አስተናግዳለሁ? ዋናው ጉዳይ ግን ይህ ነው፦ ባለቤቴ አንድ ባለጋሪ አነጋግሮ ፈረሱን ለሁለት ሰዓት ግቢያችን ሊያመጣልን ተስማምተዋል። ልጆቹ በየተራ ይቀመጡበታል ባይ ነው። እኔ ልቤ አልተቀበለውም። እሱ ደግሞ ገጠር ከፈረስ ጋር ያደገ ስለሆነ ፍርሃቴ ያስቀዋል። ምን ትሉኛላችሁ?

መምህርት ነኝ

እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ሥራዬ ከዚህ ዕድሜ ልጆች ጋር ስለሆነ ስለ ጨዋታው እኔ ልበል።

በመጀመሪያ ሰዓቱን ጠዋት አድርጊው። ከ4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ተኩል ይበቃል። የሰኔን የጅማ ዝናብ ከሰዓት በኋላ መጠበቅ አያዋጣም፤ ልጆቹም ቢሆኑ ከምሳ በኋላ ይነጫነጫሉ። ጨዋታውን በረንዳ ላይም መሥራት በሚቻል መልኩ አዘጋጂው።

ጭራ መለጠፍ ሁልጊዜ ይሠራል። ትልቅ ካርቶን ላይ ጭራ የሌለው ፈረስ ሣይና ግድግዳ ላይ ለጥፊው። ጭራውን ከሱፍ ክር ሥሪ፤ ጫፉ ላይ ፕላስተር ይሁንበት እንጂ መርፌ አታስቢ። ትልልቆቹ ዓይናቸው በሻሽ ይሸፈናል። ትንንሾቹ መሸፈኑ ያስፈራቸዋልና ራሳቸው ይጨፍኑ፤ ቢያጮልቁም እንዳላየሽ እለፊያቸው።

ሁለተኛው ፈረሱን መመገብ ነው። ከካርቶን የፈረስ ራስ ሠርተሽ አፉን ሰፋ አድርገሽ ቅደጂና የተጠቀለሉ ካልሲዎችን «ካሮት ነው» ብለሽ ይወርውሩለት።

ሦስተኛው የዱላ ፈረስ ግልቢያ ነው። መሬት ላይ ገመድ ዘርጊ፣ ሰማያዊ ጨርቅ አንጥፊና «ይህ አዌቱ ወንዝ ነው፣ ዝለሉ!» በያቸው። የተሸነፈ የሚወጣበትን ጨዋታ ግን ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጆች አታምጪ፤ አንዱ ይደሰታል፣ አሥራ አንዱ ያለቅሳል። ሁሉም ይጋልብ፣ ሁሉም ይድረስ፣ ሁሉም ይጨብጨብለት።

ፊኛ ከሰቀልሽ የፈነዳውን ቁራጭ ወዲያው ልቀሚ፤ ልጆች አፋቸው ውስጥ ይከቱታል፣ ያንቃልም። ፈንድሻና ለውዝም ከአራት ዓመት በታች ላሉት አይቅረብ።

አናጢው

የዱላ ፈረስ ለመግዛት አትልፊ። ጅማ እየኖሩ እንጨት መግዛት ነውር ነው! ማንኛውም የእንጨት ሥራ ቤት ደጃፍ ላይ የተጣለ ቁርጥራጭ ሞልቷል፤ ለልጆች ነው ካልሽ ብዙዎቹ በነፃ ይሰጡሻል።

እንዲህ ይሠራል። እንጨቱ የመጥረጊያ እጀታ ያህል ወፍራም፣ ርዝመቱም 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን፤ ለሦስት ዓመቱ ልጅ 65 ይበቃል። በብርጭቆ ወረቀት በደንብ አለስልሺው፤ በመዳፍሽ ከላይ እስከ ታች ስታሺው ምንም ካልያዘሽ አልቋል ማለት ነው። የታችኛውን ጫፍ ክብ አድርጊው፤ ሹል እንዳይሆን።

ራሱ ካልሲ ነው። የእግር ጣት የሚገባበት በኩል አፍንጫ፣ ተረከዙ ደግሞ ግንባር ይሆናል። በጨርቅ ቁርጥራጭ ወይም በስፖንጅ ጠቅጥቂው። ጠንከር አድርገሽ ካልሞላሽው አንገቱ ይታጠፍና ፈረሱ የተራበ ይመስላል። እንጨቱን አንድ ስንዝር ያህል ወደ ውስጥ አስገብተሽ የካልሲውን አፍ በሲባጎ ዙሪያውን ሁለት ቦታ ጥብቅ አድርገሽ እሰሪ። እንጨቱ ላይ ከማሰሪያው ሥር ዙሪያውን ትንሽ ቦይ ብጤ ካወጣሽለት አይሾልክም። ጋማው የሱፍ ክር ነው፤ ከግንባሩ እስከ አንገቱ ድረስ ስፊው። ጆሮውን ከጨርቅ ቁረጪ። ዓይኑን በአዝራር ማድረግ ያምራል፤ የሦስት ዓመት ልጅ ካለ ግን አዝራር ይነቀላልና በጥቁር ክር ጥለፊው። ልጓሙ አጭር ይሁን፤ አንገት ላይ የሚጠመጠም ረጅም ገመድ አይታሰርበት።

ከልጆቹ ቁጥር አንድ ወይም ሁለት አብልጠሽ ሥሪ። ያልተጠራ ልጅ ሁልጊዜ ይመጣል። ሲሄዱም ፈረሳቸውን ይዘው ይሂዱ፤ ሌላ ስጦታ አያስፈልግም።

የእንስሳት ሐኪም

ስለ ፈረሱ ብቻ ልናገር። እኔ አይምጣ ባይ ነኝ።

የጋሪ ፈረስ ብዙውን ጊዜ ታጋሽ ነው፤ ክፋት የለበትም። ነገር ግን ፈረስ ሲደነግጥ የሚቀናው መሸሽ ነው፤ መሸሻ ካጣ ይራገጣል። ግቢው ጠባብ ነው ብለሻል፤ አሥራ ሁለት ልጆች ይጮሃሉ፣ መካከል ላይ አንድ ፊኛ ይፈነዳል። የፈረስ ዓይኖች በግራና በቀኝ ጎኑ ስለሆኑ ዙሪያውን በሰፊው ያያል፤ ልክ ከጭራው በስተ ኋላ ያለውንና አፍንጫው ሥር የቆመውን ግን አያይም። የሦስት ዓመት ልጅ ሄዶ የሚቆመው ደግሞ እዚያው ነው።

ሌላም አለ። ጋሪ መጎተት የለመደ ፈረስ ሁሉ ሰው ጀርባው ላይ ሲወጣ ዝም አይልም። የጋሪው ዕቃ የሚያሸው ቦታ ላይም ቁስል ሊኖረው ይችላል፤ ልጅ በእግሩ ቁስሉን ቢነካው ፈረሱ የሚያደርገውን ያደርጋል። ፋንድያ የነካው አፈር የቴታነስ ተሕዋስያን ሊኖሩበት ስለሚችሉ ባዶ እግራቸውን የሚሮጡ ልጆች ባሉበት ግቢ አልመርጠውም። ልጆቹ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው የሚሰጠውን ክትባት ጨርሰው ከሆነ መልካም፤ ቢሆንም ቁስል ከገጠማቸው በውኃና በሳሙና አጥቦ ጤና ጣቢያ ማሳየት ነው።

ባለቤትሽ ያሰበው መልካም ነገር ስለሆነ ግን ጨርሶ አይቅር። ፈረሱ ወደ አሥራ ሁለት ልጆች ከሚመጣ ኤልዳና ብቻዋን ወደ ፈረሱ ትሂድ። ከልደቱ በፊት ባለው ቀን፣ ፈረሱ ሥራውን ጨርሶ ሲያርፍ፣ አባቷ ይውሰዳት። ባለቤቱ ልጓሙን ይያዝ። በፊት ለፊቱም በኋላውም ሳይሆን በግራ ትከሻው በኩል ቀስ እያሉና እያናገሩት ይቅረቡ። ካሮት ብትሰጠው ጣቶቿን ገጥማ በተዘረጋ መዳፍ ላይ አድርጋ ይሁን፤ ካሮቱም ክብ ክብ ሳይሆን በቁመቱ የተሰነጠቀ ይሁን፣ ክቡ ጉሮሮው ላይ ሊቀረቀር ይችላል። ለልጆችም ካሮት የሚቆረጠው እንዲሁ ነው። ኬክና ከረሜላ እንዳትሰጡት፤ ፈረስ ማስታወክ አይችልም፣ ሆዱን ካመመው ሊሞት ይችላል።

አባ ቦራ (ከእንጅባራ፣ አሁን ጅማ)

ዶክተር የተናገርከው እውነት ነው፤ ግን ልጆቻችንን ፈረስ በሥዕል ብቻ የሚያውቁ ልናደርጋቸው ነው? በእኛ አገር ልጅ ሳይራመድ ኮርቻ ላይ ይቀመጣል። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ሄዶ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያየ ሰው ልጅና ፈረስ እንዴት እንደሚዋደዱ ያውቃል።

እኔ ይምጣ ባይ ነኝ፤ በሦስት ነገር ግን። የጋሪው ይቅርና ኮርቻ የለመደ፣ ዕድሜው የገፋ ፈረስ ይፈለግ። ባለቤቱ ከልጓሙ እጁን አያንሳ። ልጅም አንድ በአንድ እየተጠራ ይቅረብ፣ የቀሩት በረንዳ ላይ ይቆዩ።

የእንስሳት ሐኪም

አባቴ፣ ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ እርስዎ የሚሉት ፈረስ ቢገኝ ብዙ አልከራከርም። በረንዳ ላይ የሚቀሩትን አሥራ አንዱን ማን ይይዝልናል?

አባ ቦራ

እሱን እንኳ እኔም አልችለውም። ፈረስ ነው የሚቀለኝ።

የወጥ ቤቷ

የኔ እመቤት፣ ኬኩን በፈረስ ራስ ቅርጽ ለመሥራት ከታገልሽ አህያ ሆኖ ያርፈዋል። የፈረስ ኮቴ ላይ የሚመታውን ብረት ቅርጽ ሥሪ፤ እሱ ማንንም አያሳፍርም።

4 እንቁላል ከ1 ስኒ ስኳር ጋር እስኪነጣ ምቺ። ሦስት ሩብ ስኒ ዘይትና 1 ስኒ ወተት ጨምሪ፣ ከዚያ 2 ስኒ የፉርኖ ዱቄትና 3 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ነፍተሽ አዋህጂ። ስኒ ስል የቡና ሲኒ እንዳይመስልሽ፤ ሩብ ሊትር የሚይዝ ኩባያ ነው። ለአሥራ ሁለት ልጆችና ለእናቶቻቸው ሁለት ጊዜ ጋግሪና ደራርቢው። ሲቀዘቅዝ መካከሉ ላይ የሻይ ሳህን ደፍተሽ ዙሪያውን በቢላ ቁረጪ፤ ከታች በኩል ደግሞ አንድ ቁራጭ አንሺ። ይኸው ቅርጹ። ላዩን በካካዋ፣ በዱቄት ስኳርና በቅቤ ቀቢው፤ ምስማሮቹ በግራና በቀኝ የሚደረደሩ ዘቢቦች ናቸው። ከመካከል የወጣችው ክብ ለብቻዋ የኤልዳና ትሁን፤ ሻማውን እሷ ላይ ትከይው። መብራት ስለማያስተማምን በዋዜማው ጨርሺው።

ለእናቶቹ አትጨነቂ። በሰኔ መጨረሻ የሐዋርያት ጾም ነው፤ የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው። ሰባት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ስለማይጾሙ ኬኩ ችግር የለበትም። ለትልልቆቹ በኮባ የተጋገረ ድፎ ዳቦ፣ የምስር ሳምቡሳ፣ ፍራፍሬ፣ ከዚያ ቡና። ሥጋ ከነጭራሹ ካላቀረብሽ «ማን ያረደው ነው?» የሚለው ጥያቄም አይነሳም፤ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል። ገንዘብሽም ይተርፋል።

የጅሬን ልጅ

የጅማ ልጅ የፈረስ ልደት አክብራ የፈረስ ስም (ሰው በፈረሱ ስም «አባ እንትና» የሚባልበት) ሳይወጣላት ልትቀር ነው? አባ ጅፋር ራሱ የፈረስ ስም ነው። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ይባሉ ነበር። ክለባችን ጅማ አባ ጅፋርም በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳው በፈረስ ስም ነው፤ ይህን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም።

ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ ከበር ሲገባ የዱላ ፈረሱን ይምረጥና ስም ይውጣለት። ለወንዶቹ አባ ዳማ (ቡናማ)፣ አባ ጉራቻ (ጥቁር)፣ አባ አምባላይ (ነጭ)፤ ለሴቶቹ እመ ቦራ (ግንባሯ ነጭ)፣ እመ ዳማ እያላችሁ እንደ ካልሲው ቀለም ሰይሟቸው። ስሙን ካርቶን ላይ ጽፈሽ ደረታቸው ላይ ለጥፊ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ በዚያ ስም ብቻ ይጠሩ። በእህቴ ልጅ ልደት ላይ አድርገነው፣ አንዱ ቤቱ ሄዶ በክርስትና ስሙ ሲጠሩት እምቢ አለ።

የኤልዳና እናት (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልሶቹን ለባለቤቴ አነበብኩለት። በአባ ቦራ ሐሳብ ደስ አለው፤ በረንዳው ጋ ሲደርስ ግን ዝም አለ። ፈረሱ እንዳይመጣ ተስማምተናል። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ እሱ ኤልዳናን ይዞ ባለጋሪው ዘንድ ይሄዳል፤ እኔ በዚያ ጊዜ ኬኩን እጋግራለሁ። ለባለጋሪውም የተነጋገርነውን ገንዘብ አናስቀርበትም።

አናጢው፣ አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ካልሲው የልጅ ነው የአዋቂ?

አናጢው

የአዋቂ ወንድ፣ ረጅሙ ዓይነት። የእግር ኳስ ካልሲ ብታገኚ ደግሞ አንገቱ ይረዝማል። ጥንድ ጥንዱን ስለምትጠቀሚ አሥራ አራት ፈረስ ከሰባት ጥንድ ይወጣል፤ ቀለሙን ግን ለያይተሽ ግዢ፣ አለበለዚያ ሁሉም አባ ጉራቻ ይሆናሉ።