ለወረዳው የምናስገባው ሐሳብ፦ ቆራሌው የማይወስደውን ቆሻሻ ምን እናድርገው?

የነዋሪዎች ማኅበሩ ጸሐፊ፦
ውድ አባላት፣ እሑድ በስብሰባው ያላለቀውን እዚህ እንጨርስ። በተራ ቁጥር 1 (የገንዳው ቦታ ይቀየር) እና 2 (መኪናው የሚመጣበት ቀን ይታወቅ) ተስማምተናል። ያከራከረን 3ኛው ነው። እንዳለ እገለብጠዋለሁ፦ «ለሽያጭ የማይሆነውን ደረቅ ቆሻሻ፣ ማለትም ፌስታል፣ ዳይፐር፣ የብስኩት መጠቅለያና አሮጌ ጫማ፣ ከጋራ ማብሰያው አጠገብ በምንሠራው የጡብ ምድጃ ለማገዶነት እንድንጠቀምበት ይፈቀድልን።» የምትጨምሩትን ጨምሩ፣ የምትሰርዙትን ሰርዙ። ጊዜው እስከ ዓርብ ማታ ነው።

የብሎክ 4 ተወካይ፦
ሐሳቡ የእኔ ስለሆነ እኔው ልጀምር። አርባ ዓመት ጋራዥ ውስጥ ኖሬያለሁ፤ ምን እንደሚነድና ምን እንደማይነድ አውቃለሁ። ፌስታል የነዳጅ ዘር ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ሴቶቻችን ከሰል ፍለጋ ሲንከራተቱ፣ ማገዶው ገንዳ ውስጥ ተከምሮ ይቀመጣል። አዲስ አበባ፣ ረጲ ላይ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የተሠራው ጣቢያ በ2010 ዓ.ም. ሲመረቅ በአፍሪካ የመጀመሪያው ነው ተብሎ አጨብጭበናል። እነሱ ሲያደርጉት ሥልጣኔ፣ እኛ ስናደርገው ብክለት የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

የጽዳት ማኅበሩ ተጠሪ፦
ጋሼ፣ ገንዳውን የምንገለብጠው እኛ ነን። ሃይላንዱንና ካርቶኑን እናወጣለን፤ ብረቱን ቆራሌው ቀድሞን ወስዶታል። የሚቀረው ግን ደረቅ አይደለም። ትናንት ከእርስዎው ብሎክ ያነሣሁት ማዳበሪያ ሲፈታ ከላይ የሽንኩርት ልጣጭና የቡና አተላ፣ መሀል ላይ የጎመን ግንድ፣ ከሥር ደግሞ በወጥ የራሰ ፌስታል ነበር። ይህንን ለማንደድ ሌላ ማገዶ መግዛት ሊያስፈልግዎት ነው።

የብሎክ 9 ነዋሪ፣ የኬሚስትሪ መምህር፦
ጋሼ ስለ ፌስታል የተናገሩት እውነት ነው፤ ኪሎ ለኪሎ ሙቀቱ ከናፍታ ጋር ይቀራረባል። ጭቅጭቁ ስለ መንደዱ ሳይሆን ስለ አነዳደዱ ነው። ለቆሻሻ ማቃጠያ የአውሮፓ ሕግ የሚያዘው ጭሱ ቢያንስ በ850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሁለት ሰከንድ እንዲቆይ ነው። ክሎሪን ያለበት ነገር፣ እንደ ፒቪሲ የውኃ ቱቦ ወይም እንደ ኤሌክትሪክ ገመድ ሽፋን ያለው፣ በሰነፍ እሳት ሲነድ ዳዮክሲን የሚባል መርዝ ይፈጥራል። ሁለት ሰከንድ ትንሽ ትመስላለች። በጡብ ምድጃ ግን ጭሱ ያን ያህል ሳይቆይ ሾልኮ ይወጣል። ሲወጣም ከ450 ወደ 200 ዲግሪ እየቀዘቀዘ ባለበት መንገድ መርዙ እንደገና ይሠራል። ደኅና ፋብሪካ ጭሱን በፍጥነት ያቀዘቅዛል፣ ኖራና የከሰል ዱቄት ይነፋበታል፣ በከረጢት ማጣሪያ ያሳልፈዋል። እኛ ያለን የቆርቆሮ ጭስ ማውጫ ነው።

መርዙ የሚገባው በትንፋሽ ብቻ አይደለም። ጥላሸቱ መሬት ላይ ያርፋል፣ ዶሮ ይጭረዋል፣ በስብ ውስጥ ይከማቻል፣ በመጨረሻ እንቁላል ውስጥ ይገኛል። ከብሎክ 6 ጀርባ ዶሮ የሚያረቡ አሉ፤ እነማን እንደሆኑ አልናገርም፣ እንቁላላቸውን ግን ሁላችንም እንገዛለን።

አመዱስ? በፋብሪካ እንኳን ከገባው ቆሻሻ ክብደት ከአምስት አንዱ፣ አንዳንዴም ሩቡ አመድ ሆኖ ይቀራል። ከማጣሪያው የሚራገፈው ደቃቅ አመድ ደግሞ እንደ አደገኛ ቆሻሻ ለብቻው ይያዛል። እኛ የት ልንደፋው ነው፣ ጎመን መደቡ ላይ?

የብሎክ 2 ነዋሪ፦
እኔ በዚያ ማብሰያ እንጀራ እየጋገርኩ የምተዳደር ነኝ። መምህር የጻፉትን ሳነብ አፈርኩ። ከሰሉ አልያያዝ ሲለኝ ፌስታል ጠቅልዬ ከሥሩ እሰካለሁ። እየቀለጠ ይንጠባጠባል፣ ጥቁር ክር የመሰለ ጥላሸት ይነሣል፣ መጥቶም የቡሃቃው ክዳን ላይ ያርፋል። በጨርቅ ስጠርገው ይለቀለቃል እንጂ አይለቅም። ይህንን ነው በትልቁ እንሥራው የምንለው? 3ኛው ይሰረዝ።

የብሎክ 4 ተወካይ፦
መሰረዝ ቀላል ነው። ተሰርዞ ወዴት ይሄዳል? ቆሼ፣ የከተማው ቆሻሻ መጣያ። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ሲቀብር ከመካከላችን ለቅሶ የደረስን አለን። ክምርም ይገድላል። መምህር፣ መቅበሩ ከማቃጠሉ በምን ተሻለ?

መምህሩ፦
ጋሼ፣ ማቃጠል ሁሉ ክፉ ነው አላልኩም፤ ክፉ ያልኩት ምድጃችንን ነው። ረጲ የታቀደው በቀን 1,400 ቶን እንዲቀበል ነበር። እንዲህ ያለውን ጣቢያ ሁሉ የሚፈትነው ግን የጽዳት ማኅበሩ ተጠሪ የነገረን እርጥበት ነው። አንድ ኪሎ ውኃ አሙቆ ለማትነን ከ2,500 ኪሎ ጁል በላይ ሙቀት ይጠይቃል፤ የጎመኑ ግንድ የፌስታሉን ሙቀት ይበላዋል ማለት ነው። ክምር ውስጥ ሲቀበር አየር ንብረትን የሚያሞቀውን ሚቴን የተባለ ጋዝ የሚያወጣውም ያው እርጥቡ ነው። ፌስታሉ ከተቀበረ ካርቦኑ እዚያው ይቀመጣል፤ ከተቃጠለ አንዱ ኪሎ ሦስት ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። እርጥቡን ከቤታችን ብንለየው ክምሩም ይቀንሳል፣ የሚቃጠለውም በደንብ ይነዳል። ከእኛ አቅም የማያልፈው ሥራ ይህ ነው።

የብሎክ 7 ነዋሪ (ጠበቃ)፦
አንድ ነገር ልጨምር። በደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ፌስታል ተከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዲስ አዋጅ ደግሞ ፌስታልን ጨርሶ ይከለክላል። በራችን ላይ ያሉት ሱቆች የሚሰጡን ግን ቲማቲም ሲገባበት የሚቀደደውን ነው። ወረዳው ይህንን እንዲቆጣጠር እንጠይቅ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት ይሰጠናል፤ መግቢያው ላይ ይጠቀስ።

ጸሐፊ፦
3ኛው እንዲህ ተሻሽሏል። «(ሀ) በግቢው ፕላስቲክ፣ ጎማና ገመድ ማቃጠል በማኅበሩ ደንብ ይከልከል። (ለ) እርጥብ ቆሻሻ የሚጠራቀምበት ሁለተኛ ገንዳ ይሰጠን። (ሐ) የተረፈው ደረቅ ቆሻሻ ወደ ኃይል ማመንጫ የሚላክ ከሆነ የጭሱ ልኬት ለነዋሪው በየጊዜው ይገለጽ። (መ) በአዋጅ የተከለከለው ፌስታል በሱቆች ላይ ቁጥጥር ይደረግበት።»

የጽዳት ማኅበሩ ተጠሪ፦
(ለ) አይሠራም። ገንዳው ሁለት ቢሆን መኪናው አንድ ነው። እናንተ የለያችሁትን መኪናው ላይ ስንጭነው ይደባለቃል።

ጸሐፊ፦
ይህንን ማንኛችንም አላሰብንም። «(ለ) እርጥቡ ቆሻሻ ከግቢው ሳይወጣ ኮምፖስት የሚሆንበት ቦታ ከብሎክ 6 ጀርባ ይፈቀድልን» ብልስ?

የጽዳት ማኅበሩ ተጠሪ፦
ይሆናል። ማገላበጡን እኛ እንሠራለን፤ ክፍያውን ግን አሁኑኑ እንነጋገር።

የብሎክ 4 ተወካይ፦
እሺ፣ ምድጃው ይቅር። መብራት ሲጠፋ ጋጋሪዎቹ ምን እንደሚሆኑ ግን አራተኛ ተራ ቁጥር ሆኖ ካልገባ አልፈርምም። ስለ እርጥበቱም በወሬ አላምንም። ቅዳሜ ጠዋት በ2 ሰዓት ሚዛኔን ይዤ ገንዳው አጠገብ እገኛለሁ። ከየብሎኩ አንድ አንድ ማዳበሪያ ፈትተን እርጥቡን ለብቻ፣ ደረቁን ለብቻ እንመዝናለን። ደረቁ ከበለጠ ምድጃዬን ይዤ እመለሳለሁ። ጓንት ያላችሁ አምጡ፤ መምህር እርስዎም አይቅሩ።