ትራንስአሜሪካ ላይ ተጫዋቾች የሚነካኩት የት ጋ ነው?

ባለ_ካርታው፦
ሰላም ለሁላችሁም። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ትራንስአሜሪካን፣ በአሜሪካ ካርታ ላይ ከተሞችን በሐዲድ የማገናኘት የቦርድ ጨዋታውን፣ አምስት ስድስት ጊዜ ተጫወትን። ሕጉ ቶሎ ስለሚገባ ወድጄዋለሁ፤ አምስት የከተማ ካርድ ይደርስሃል፣ በተራህ ሁለት ሐዲድ ታስቀምጣለህ፣ ተራራ ወይም ወንዝ ላይ ከሆነ አንድ ብቻ። ግን ሐዲዱ የጋራ ነው፣ መንገድ የሚዘጋብህ የለም። ትናንት ሲያትል ለመግባት ሦስት ሐዲድ ሲቀረኝ ልጄ አምስቱንም ከተማ አገናኝታ ጨረሰች። ምን ባደርግ እቀድማት እንደነበር አልታየኝም። የካርድ ዕድል ብቻ ነው እንዴ?

ሁለተኛ_ተራ፦
ዕድል አለበት፣ ግን የምታስበውን ያህል አይደለም። ከተሞቹ በአምስት ቀለም በየአካባቢው ስለተከፈሉ ለሁሉም ከየቀለሙ አንድ ይደርሰዋል። ስለዚህ ምዕራብ ዳርቻም ምሥራቅ ዳርቻም መድረስ የማይፈልግ ሰው የለም፤ ተራራውን አንዱ ማቋረጡ አይቀርም።

እኔ ጨዋታው የገባኝ የሌሎቹን መነሻ ማየት ስጀምር ነው። ያንተና የሌላ ተጫዋች መስመሮች ሲገናኙ ያንተ የሱ፣ የሱም ያንተ ይሆናል። በመካከላችሁ ስድስት ሐዲድ ቢኖርና እሱ አራቱን ቢያስቀምጥ፣ አንተ በአንድ ተራ ሁለት ጨምረህ የሠራውን ሁሉ ታገኛለህ። እሱ ሁለት ተራ ከፍሏል። ለዚህ ነው መሀል ሜዳውን ለሌሎች ትቼ፣ ማንም የማይመጣበትን ጥግ አስቀድሜ የምሠራው። ብቻ ሁሉም እንዲህ ካሰበ መሀሉ ባዶ ይቀራል፤ መቼ ትዕግሥትህን እንደምትሰብር ከፊታቸው ነው የምታነበው። እኔ በጣም የምወደው ይህንኑ ነው።

ሦስት_ሐዲድ፦
በዚህ ላይ ቬክሴሽን የሚባለውን ማስፋፊያ ሞክሩት። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ባለቤቱ ብቻ የሚጠቀምባቸው ሦስት ባለቀለም ሐዲዶች ይሰጠዋል። ልጆቹ ግን መሠረቱን በደንብ ይልመዱት፤ መዘጋጋት ሲጀመር ጨዋታው ጠንከር ይላል።

ባለ_ካርታው፦
አመሰግናለሁ፣ አሁን ታየኝ። ትናንት መነሻዬን ዴንቨር አጠገብ አድርጌ ተራራውን አንድ አንድ ሐዲድ እያስቀመጥኩ ያቋረጥኩት እኔ ነኝ። ልጄ ደግሞ ከካንሳስ ሲቲ መጥታ ተገናኘችኝና በኔ ሐዲድ ሎስ አንጀለስ ገባች። ሆን ብላ እንደሆነ ስጠይቃት፣ «አባዬ፣ እስክትጨርስልኝ እየጠበቅኩህ ነበር» አለችኝ።